ባዶ ቦታ

ሀና ማርያም ውስጥ ደላላ ይዞኝ ሲዞር «ይቺ ባዶ ቦታ ናት» ያለኝ በጥር ነበር። መረሬው ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል፤ ሣሩም አመድ መስሏል። እውነትም ባዶ ናት ብዬ አለፍኩ። ቃሉን መጠራጠር የጀመርኩት ቆይቶ፣ ሀቤናሪያን ካወቅሁ ወዲህ ነው።

ኦርኪድ ሲባል ትዝ የሚለን ሆቴል ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ነጭና ሐምራዊ አበባ ነው። ሀቤናሪያ ግን መሬት ላይ፣ ሣር መሃል ሣር መስላ የምትቆም ወገን ናት። በዓለም ከ800 በላይ ዝርያ አላት፤ በአገራችንም ከኦርኪዶች ሁሉ በዝርያ ብዛት የሚስተካከላት የለም። ሺምፔሪያና የተባለችው ዝርያ ውኃ በሚያቁር ሣር ላይ ትበቅላለች፤ አበባዋ አረንጓዴ፣ መሃሉ ነጣ ያለ ነው። ጠጋ ብሎ ላያት ከአበባዋ ፊት እንደ ክር የቀጠኑ ጭራዎች፣ ከኋላዋ ደግሞ ወለላ የምትይዝበት ቀጭን ቱቦ ተንጠልጥሏል። ቪልደኖቭ የተባለው ጀርመናዊ በ1805 እ.ኤ.አ. ወገኑን ሲሰይም ከላቲኑ «ዛብ» ያወጣው ለዚህ ነው። ፈረስ ለሚያውቅ አገር የሚስማማ ስም!

እኔን የያዘኝ ግን ከአፈር በታች ያለው ነው። ግንዷ በክረምት የሚያድገው ድንች በሚመስል ሥር ውስጥ በተቀመጠ የአምና ስንቅ ነው። ያ ሥር እየተሟጠጠ ሲሄድ ጎኑ ላይ ሌላ ይሞላል፤ ግንዱ ይደርቃል፣ አዲሱ ሥር በበጋ ተኝቶ ይጠብቃል። ዘሯ ደግሞ እንደ ብናኝ ደቃቅ ነው፤ ስንቅ የለውም፣ አፈር ውስጥ ያለ ፈንገስ ካልመገበው አይበቅልም። እንግዲህ በጥር «የለችም» ስንል ምን ማለታችን ነው? «የለም» የምንለው ብዙ ጊዜ «አሁን አይታየኝም» ለማለት ይመስለኛል።

ዝርያዋ በስሙ የተጠራችለት ዕፅዋት ሰብሳቢ ሺምፐር በ1837 እ.ኤ.አ. መጥቶ በ1878 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ እስኪሞት ከዚሁ አገር ኖሯል። ክረምታችንን ደጋግሞ ያየ ሰው ነው። በበጋ ደርሶ የሚመለስ መንገደኛ ቢሆን ኖሮ እርሱም እንደ እኔ ባለፈ ነበር።

በነሐሴ በዚያው በኩል ሳልፍ መሠረት ተቆፍሮ፣ ጥቁሩ አፈር መንገድ ዳር ተከምሯል። ገልባጩ መኪና አፈሩን ሲጭን ሹፌሩን የት እንደሚደፋው ጠየቅሁት።

«ባዶ ቦታ ነዋ» አለኝ።