የዮሴፍ ድርሻ

ጋምቤላ ላይ ገና ሁለት ጊዜ ይመጣል። በመጠለያ ጣቢያዎቹ ያሉት የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ታኅሣሥ 16 ያከብሩታል፤ እኛ ኦርቶዶክሶች ደግሞ ታኅሣሥ 29። በመካከሉ ያሉት ቀናት ለክርክር የተተዉ ይመስለኛል። ይህን የምጽፈውም በእነዚያ ቀናት ከተማሪዎቼ ጋር ስንጫወት ከተነሣብኝ ጥርጣሬ ነው።

ደጋ ላይ ያደግሁበት የልደት ስብከት መንገዱ አንድ ነበር። የነገሥታት ንጉሥ በከብቶች በረት ተወለደ፤ ራሱን አዋረደ፤ እናንተም የክብር ፍላጎታችሁን ጣሉ። ለደገኛ ይህ ማስረጃ አያሻውም፤ በረት ማለት እበትና ጭቃ ነው። ይህንኑ ስናገር ግን አንድ የኑዌር ልጅ፣ «መምህር፣ ታዲያ ውርደቱ የቱ ላይ ነው?» አለኝ።

ግንባሩ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የተሰመሩ ስድስት መስመሮች አሉት። ጋር ይሉታል። ልጅ ከወንዶች ተራ የሚቆጠርበት ምልክት ነው፤ ቢላዋው ሲያርፍበት ማቃሰት ነውር ነው፤ ጠባሳው እስከ መቃብር አብሮት ይሄዳል። እንዲህ በደም የተገዛ ክብር የያዘ ልጅ ስለ በረት የሚያስበው እንደ እኔ አይደለም። ሉዋክ የሚሉት ትልቁ ክብ የከብት ቤት የቤተሰቡ መመኪያ ነው። ሌሊት ከብቱ ይታሰርበታል፣ መሐሉ ላይ ኩበት ይጨሳል፣ ወንዶች አመዱን ከበው ያወጋሉ፣ እዚያው ይተኛሉ። ወጣት በሚወደው በሬ ስም ይጠራል፣ ቀንዱንና መልኩን እያወደሰ ይዘፍንለታል። ለዚህ ሰው ጌታ ከከብት መካከል ተወለደ ማለት በእልፍኝ ተወለደ ከማለት አይርቅም።

መልስ አልነበረኝም። የገና ትርጉም በረቱ ላይ ከቆመ ደጋ ላይ እውነት፣ እዚህ ባሮ ወንዝ ዳር ግን ተረት ይሆናል ማለት ነው፤ ይህን ልቀበል አልችልም። ወንጌሉን ደግሜ አየሁት። ሉቃስ በረቱ አሳፋሪ ነው አላለም፤ ለእንግዶቹ ስፍራ አልተገኘም ነው ያለው። ለተማሪዬ ይህን ስነግረው ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ከብቶቹ የማን ነበሩ?» ሲል ጠየቀ። የዮሴፍ አልነበሩም። «እንግዲያው ውርደቱ እሱ ነው፤ የራስህ ከብትም ዘመድም በሌለበት መውለድ» አለ።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ በዚህ ቢረግብም ሁለተኛውን ወለደ። ክብርን መሻት የሚጣል ነገር ከሆነ፣ መላእክቱ ለእረኞቹ ሲገለጡ ለምን በክብር መዝሙር መጡ? አውግስጢኖስ ስለ ሮማውያን ሲጽፍ ለክብር ጥማቸው ሲሉ ሌሎች ምኞቶቻቸውን እንደ ገቱ ይናገራል፤ ጥሙን ይነቅፋል፣ ጉልበቱን ግን አይክድም። እኔም መካድ አልችልም። ያለ ክብር ፍላጎት ማን ቢላዋ ሥር ሳያቃስት ይተኛል? በደጋው የገና ጨዋታ ጌታው ቢሰደብም አይቆጣም፤ ግን ያ ፈቃድ የሚያስደስተው በማግስቱ ጌትነቱ ስለሚመለስ ነው። የአኝዋክ መሳፍንትም ለንግሥና ዶቃ እርስ በርስ ሲገዳደሉ ኖረዋል፤ አባቱ ያን ዶቃ አጥልቆ የማያውቅ ልጅ ለንግሥና ስለማይታሰብ ፍልሚያው ለገዛ ራስ ብቻ አልነበረም።

ጥሙ የት እንደሚያደርስ ደግሞ ጋምቤላ ታውቃለች። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ከድንበር ማዶ የመጡ ታጣቂዎች የኑዌር መንደሮችን መትተው ከ200 በላይ ሰው ገደሉ፤ ከ100 በላይ ሕፃናትን ከከብቱ ጋር ነድተው ወሰዱ። የሄሮድስ ነገር ሲነበብ እዚህ ያሉ እናቶች እንደ ጥንት ታሪክ አይሰሙትም።

ያ ልጅ ግን ከሄሮድስ ይልቅ ዮሴፍ ላይ ነበር ሐሳቡ። «እሱን እኛ እናውቀዋለን» አለኝ። በኑዌር ልማድ ወንድ ልጅ ሳይወልድ ቢሞት ዘመዱ በሟቹ ስም ሚስት ያገባል። ልጆቹን የሚወልደውም የሚያሳድገውም ሕያው የሆነው ዘመድ ነው፤ የሚቆጠሩት ግን ለሟቹ ነው፤ የዘር ሐረጉ የሚወርደውም በእርሱ ስም ነው። አሳዳጊው ድካሙን እንጂ ስሙን አያገኝም። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ኢቫንስ ፕሪቻርድ ይህን በሰፊው ጽፎታል፤ ተማሪዬ ግን ከመጽሐፍ አላወቀውም። ማቴዎስ ትውልዱን ከአብርሃም ጀምሮ በመውለድ ቆጥሮ ቆጥሮ ዮሴፍ ላይ ሲደርስ አቆጣጠሩን የሚለውጥበትን ስፍራ እኔ እንደ ነገረ መለኮት ቋጠሮ ነበር የማነበው። እርሱ እንደ ቤተሰብ ጉዳይ አነበበው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ አቀረብኩ። በሟች ስም ልጅ የሚያሳድገው ኑዌር ነገ እርሱም ሳይወልድ ቢሞት ሌላ ዘመድ እንዲሁ እንደሚያደርግለት ያውቃል፤ ብድር ነው። የዮሴፍን ብድር ማን ይከፍላል? በወንጌል ከአፉ የወጣ አንድ ቃል እንኳ አልተጻፈለትም፤ ልጁ በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ ከተገኘ ወዲህም በሕይወት አናየውም።

«ስሙን ይኸው እየጠራነው አይደል?» አለኝ።

እውነት ነው፤ ሁለት ሺህ ዓመት አልፎ ባሮ ዳር ተጠራ። ዮሴፍ ግን ይህን አልሰማም። ባለቤቱ ያልሰማው ሙገሳ ክብር ነው ልል አልደፍርም፤ ለሚሰሙት ደስታ ነው፣ ለእርሱ ግን ምንም። የሚሰማበት ቀን ካለ ብቻ ነው ክብር የሚሆነው፤ ይህ ደግሞ የትንሣኤ ጉዳይ ነው። እንዲህ ብዬ ስነግረው ተማሪዬ ሳቀ፤ «እሱን ለፋሲካ እናቆየው፣ መምህር» ብሎ ወደ መዘምራኑ ልምምድ ሄደ።