ምግብና አልጋ ብቻ ጡረታ አይደለም

በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ አባት ምግብና አልጋ ስላገኙ ብቻ ተጦሩ ይባላልን? በበኩሌ አይመስለኝም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ኢስራእ ቁጥር 23 በሸመገለ ወላጅ ላይ «ኡፍ» ማለትን እንኳ ከልክሏል። ሱልጣን ቀላውን እ.ኤ.አ. በ1284 ካይሮ ላይ ያሠሩት ሆስፒታል ድሃና ሀብታም ሳይለይ፣ ለወንዱም ለሴቷም የየራሳቸውን ክፍል ሰጥቶ ያስታምም ነበር። ታዲያ ዛሬ ለአባታችን የውዱእ ውሃ ማን ያቀርብላቸዋል? ቂብላውንስ ማን ያሳያቸዋል? እናታችንን የምታጥባቸው ሴት ናት? መቼ መተኛት፣ ምን መብላት እንደሚሹስ ጠይቀናቸው እናውቃለን? ሁሉንም በአንድ ሰዓት ማብላትና ማስተኛት ለሠራተኛው ይመቻል፤ ሰውን ግን ከዕቃ ይቆጥራል።

ወገኖቼ! ሰደቃችንን ሰጥተን ከበር አንመለስ። ገብተን፣ በስማቸው ጠርተን፣ «ምን ጎደለዎት?» ብለን እንጠይቅ፤ መልሳቸውንም እንፈጽም። ወላሁ አዕለም።