በዝምታው ጊዜ

ሚያዝያ 9 ቀን 1962 ዓ.ም. የኦክስጅን ጋኗ ፈንድቶ ጨረቃ ላይ ሳታርፍ የተመለሰችው አፖሎ 13 ወደ ምድር ስትወርድ፥ የአየሩ ግጭት ያነደደው እሳት ከበባትና የሬዲዮው ድምፅ ተቋረጠ። በምድር ያሉት ተጣሩ፤ መልስ የለም። የተጠበቀውም ደቂቃ አለፈ። ሎቬል፥ ስዊገርትና ሄይዝ ግን በሕይወት ነበሩ፤ ውጭው እሳት ሳለ በውስጥ በብርዱ የረጋው እርጥበት እንደ ዝናብ ይንጠባጠብባቸው ነበር። ይህን ከሚጠባበቁት ማን ያውቅ ነበር? በኋላ የስዊገርት ድምፅ ተሰማ፤ ጃንጥላዎቹም በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ተዘርግተው ታዩ።

ጸልየሽ መልስ ያጣሽ እናት ሆይ፥ ዝምታውን እንደ መተው አትቍጠሪው። ይህን ስናገር አይቀልለኝም፤ የምትጠብቂው ልጅ ላይመለስ ይችላልና። ነገር ግን የእግዚአብሔር ልጅ በመስቀል ላይ በጮኸ ጊዜም ከሰማይ መልስ አልተሰማም፤ ድንጋዩ የተንከባለለው በሦስተኛው ቀን ነው።