ሰባኪው ከሄደ በኋላ

ቃለ እግዚአብሔርን ለማስተማር ከሀገሩ ወጥቶ ወደ ሌላ ሀገር የሄደ ሰው ሦስት ቀን ብቻ ሰንብቶ ቢመለስ፥ አገልግሎቱ እንደ ምን ይቈጠርለታል? ይህን ጥያቄ የምናነሣው በማንም ላይ ለመፍረድ አይደለም። እኛም ራሳችን በዚህ ዓይነት ጉዞ ብዙ ጊዜ የተካፈልን ስለ ሆንን፥ ጥያቄው ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው እኛኑ ነው።

የጉዞው ማጠር ብቻውን ነቀፋ አይሆንም። የኢትዮጵያ ንግሥት የሕንደኬ ባለሟል የነበረው ጃንደረባ ወንጌልን የሰማው፥ የተጠመቀውም፥ በጋዛ ጎዳና ሲጓዝ ሳለ ነው (የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8)። ከጥምቀቱ በኋላም ፊልጶስን ዳግመኛ አላየውም። ዳሩ ግን ፊልጶስ ያደረገውን እናስተውል። አስቀድሞ ወደ ሠረገላው ሮጦ ቀረበ፤ ሰውየው የሚያነበውን አደመጠ፤ ያነበበውን አስተውሎት እንደ ሆነ ጠየቀው፤ ወደ ሠረገላው የወጣውም ተለምኖ ነው። ትምህርቱንም የጀመረው ከራሱ ዝግጅት ሳይሆን ጃንደረባው ይዞት ከነበረው ከኢሳይያስ ንባብ ነው። ይህን ታሪክ በጉባኤ ቤት ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል፤ ለሌሎችም ተርጕመነዋል። የገባን ግን በምዕራብ ሸዋ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ጋር በሁለት አውቶቡስ ከአዲስ አበባ ተነሥተን፥ በሆለታ አልፈን፥ ዳግማዊ ምኒልክ ያሠሯትን አዲስ ዓለም ማርያምን ተሳልመን፥ በጊንጪ በኩል አምቦ ገባን። መንገዱ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አምቦ ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረች፥ በፍል ውኃዋና ከመሬት በሚፈልቀው የማዕድን ውኃዋ የታወቀች ከተማ ናት። በማግሥቱ ጉደርን አልፈን፥ ወደ ጌዶ በሚወስደው መንገድ ካለች አንዲት የገጠር አጥቢያ ደረስን። ድምፅ ማጉያው ተተከለ፤ ከበሮው ተመታ፤ መዘምራኑ ዘመሩ፤ እኛም በአማርኛ አንድ ሰዓት ያህል አስተማርን። ሕዝቡ እልል አለ። እውነቱን ለመናገር፥ በልባችን ጥቂት ኩራት ተሰምቶን ነበር።

ጉባኤው ሲፈታ አንዲት አረጋዊት እናት መስቀል ተሳልመው በአፋን ኦሮሞ ረጅም ነገር ነገሩን። ምርቃት መስሎን «አሜን» አልን። እርሳቸው ግን አልሄዱም፤ ደግመው ተናገሩ። በአጠገባችን የቆመው የአጥቢያው ዲያቆን አንገቱን ደፍቶ፥ «አባታችን፥ ንስሓ ለመግባት ነው የሚለምኑዎ። የንስሓ አባታቸው ካረፉ ወዲህ ቋንቋቸውን የሚሰማ ካህን አላገኙም» አለን። ልጁ ሊያስተረጕምልን ዝግጁ ነበር፤ ነገር ግን የጎረቤታቸው ልጅ ነው። ስብከት በአስተርጓሚ ይሰበካል፤ ኑዛዜ ግን በጎረቤት ልጅ ጆሮ እንዴት ያልፋል? እርሳቸውም ይህን በተረዱ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው የገብስ ቆሎ በእጃችን አኖሩና ሄዱ።

በልጅነታችን ቆሎ ተማሪ ሳለን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን ከየደጁ ለምነን በልተናል። ያን ጊዜ የሰጪውን ቤት፥ የልጆቹን ስም፥ የታመመበትንና የሞተበትን ሁሉ እናውቅ ነበር፤ ለማኝ ደጁን ሳያውቅ አይለምንምና። ጌታችን ሰባ ሁለቱን አርድእት ያለ ከረጢትና ያለ ኮረጆ የላካቸው፥ ያቀረቡላቸውንም እንዲበሉ ያዘዛቸው (ሉቃስ ምዕራፍ 10)፥ የተላከው ሰው ከተላከለት ሰው እጅ እንዲኖር ፈልጎ ይመስለናል። እኛ ግን ስንቃችንን በአውቶቡስ ጭነን ሄድን፤ ከዚያ ሕዝብ የምንቀበለው ነገር መኖሩንም አላሰብንም ነበር።

በሀገራችን ወንጌልን የተከሉት ሰንብተው ነው። ከጢሮስ የመጣው ፍሬምናጦስ አስቀድሞ በአክሱም ቤተ መንግሥት አድጎ ሕዝቡን ካወቀ በኋላ ነው በአራተኛው መቶ ዓመት ከቅዱስ አትናቴዎስ ጵጵስና ተቀብሎ የተመለሰው። ተስዓቱ ቅዱሳንም ቋንቋውን ተምረው፥ ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ ግዕዝ መልሰው፥ ገዳማቸውን በዚሁ አድርገዋል። በቅርቡም ዘመን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካ ሲደርሱ ሕዝቡ አውሮፕላን ማረፊያውን አጥለቅልቆት ነበር፤ ጉብኝቱ ግን የጥቂት ቀን ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በዚያች ደሴት ሥር የሰደደችው፥ በ1962 ዓ.ም. አባ ላእከ ማንደፍሮ፥ በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት፥ ተልከው ለዓመታት ባስተማሩና ባጠመቁ ጊዜ ነው።

ምናልባት አንዳንድ ወንድሞች፥ «ቅዳሴያችን በግዕዝ ነው፤ ምእመኑ እርሱን እስከ ለመደ ድረስ ስለ ቋንቋ ይህን ያህል መጨነቅ ለምን?» ይሉ ይሆናል። አንድምታ ምንድር ነው? ሊቃውንቱ የግዕዙን ንባብ ሕዝቡ በሚሰማው በአማርኛ የፈቱበት አይደለምን? ለአማርኛ የተፈቀደው ለአፋን ኦሮሞ ስለ ምን ይነፈጋል? ሐዋርያው ጳውሎስም በማኅበር መካከል ከማይታወቅ እልፍ ቃል ይልቅ የሚታወቅ አምስት ቃል መርጧል (1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 14)። መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በአፋን ኦሮሞ የታተመው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1899 ነው። የተረጐመው ኦነሲሞስ ነሲብ ነው፤ አስቴር ጋኖም ረድታዋለች፤ የተጻፈበትም ፊደል የእኛው የግዕዝ ፊደል ነው። ኦነሲሞስ የወንጌላውያን ሚስዮን ሰው እንጂ የጉባኤ ቤታችን ልጅ አልነበረም። በትምህርቱ ከእኛ ቢለይም፥ ሥራውን ቀድመን መሥራት የነበረብን እኛ ነን።

ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ በተፈጸመው ሢመተ ጳጳሳት ቤተ ክርስቲያን ምን ያህል እንደ ተጨነቀች፥ የካቲት 8 ቀንም ስምምነት እንደ ተደረገ፥ አንባብያን አይዘነጉትም። ያን ሢመት ቀኖና አይፈቅደውም፤ በዚህ አንጠራጠርም። ዳሩ ግን ሥርዓት መፍረሱን ስንነቅፍ፥ በቋንቋው የሚናዝዘውን ካህን ያጣውን ምእመን አብረን የነቀፍን እንዳይመስለን። እነዚያ እናት ከማንም ጋር አልተጣሉም፤ የንስሓ አባት ብቻ ነው የጠየቁት።

ከተመለስን በኋላ የጉዞውን ወጪ አሰብነው። ለአውቶቡስ ኪራይ፥ ለድምፅ ማጉያና ለመስተንግዶ የወጣውን ገንዘብ ስንደምረው ከመዘምራኑ አንዱ፥ «አባታችን፥ ይህ እኮ አንድ ካህን ባኖረ ነበር» አለ። መልስ አልነበረንም። ይህን ስንል መዘምራን አይሂዱ አላልንም፤ ከተማ ያደገ ወጣት የገጠር ወንድሙን ማየቱ ለራሱ ለወጣቱ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢቀር እንኳ ይህ አይናቅም።

በተከታዩ ዓመት ያንኑ መንገድ የሄድነው አፋን ኦሮሞን ከሚያውቁ አንድ ቄስ ጋር ብቻ ነው። እናታችን በሕይወት ነበሩ። ቄሱ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ከወይራው ሥር ተቀምጠው ሲሰሟቸው፥ እኛ ከዲያቆኑ ጋር ራቅ ብለን ቆየን። ሌሎችም ሰምተው መጡና እስከ ማታ ድረስ ተራ ጠበቁ፤ ስብከት ሳይደረግ መሸ። ቄሱ በየወሩ አንድ ጊዜ ሊመለሱ ተስማሙ፤ የመንገዳቸውን ወጪ እኛና መዘምራኑ ልንሸፍን ቃል ገባን፤ ዲያቆኑም ለክህነት የሚያበቃውን ትምህርት ከእርሳቸው ዘንድ ጀምሯል።