የመቀነቱን ጫፍ የያዘው ማን ነው?

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከቆመ ሰው አፍ ነው፤ የሚሰማው ደግሞ የሚሮጠው። ለፈተና አንድ ሌሊት ሲቀረው ደብተር የገለጠ ተማሪ፣ ድንኳን ሳይከራይ ዘመድ የጠራ ሙሽራ፣ ሐምሌ ገብቶ ጣራው ሲያንጠባጥብ ቆርቆሮ ፍለጋ የወጣ አባወራ ሁሉ ይህችን ቃል ቀምሰዋታል። ምክር እንዳትባል ምክር ቀድሞ ይመጣል። እሷ የምትመጣው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው።

ተረቱን የተረቱት ሰዎች ግን ትጥቅ ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ድግ ወይም መቀነት እንደ ዛሬ ቀበቶ በአንድ ዘለበት አይያዝም። ብዙ ክንድ ነው። የሚታጠቀው ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ትንፋሹን አስወጥቶ ሆዱን ይስባል፣ ዙሩን በዙር ላይ እያጠበቀ ይጠመጥማል። ጫፉን ወጥሮ የሚይዝለት ሰው ካገኘ ደግሞ ይበልጥ ይጠብቅለታል። እየሮጡ ይህ አይሆንም። ሆድ ከትንፋሽ ጋር ይነሳል፣ ይወርዳል፤ ዙሩም እየላላ ይሄዳል። የላላው መቀነት ቤት ደርሰው አረፍ ሲሉ ቢፈታ ምንም አልነበረም። የሚፈታው ግን ሩጫው ሲከር፣ ለማስተካከል ጊዜ በማይገኝበት ሰዓት ነው። የተረቱ ጥርስ እዚህ ላይ ነው።

ይህን ተረት ሳይክሎክሮስ እንደሚባለው የብስክሌት ውድድር የሚፈታተን ስፖርት አላውቅም። እኔ የተዋወቅሁት በእህቴ ልጅ በኩል ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ተወልዶ ያደገ የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ነው። እህቴ ውድድሩን መጀመሪያ ያየች ዕለት፣ «ያን ሁሉ ብር አውጥቼ ብስክሌት ገዛሁለት፤ እሱ ተሸክሞት ይሮጣል!» ብላ ደወለችልኝ። ከዚህ የተሻለ አጭር መግለጫ እስካሁን አላገኘሁም።

ውድድሩ ከመስከረም እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ በሣር፣ በጭቃና በአሸዋ ላይ ይካሄዳል። በትልልቆቹ ውድድሮች አንዱ ዙር ከ2.5 እስከ 3.5 ኪሎ ሜትር ነው። የጎማው ስፋት ከ33 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ሕጉ ይከለክላል፤ እንዲህ ባለ ቀጭን ጎማ ማጥ ውስጥ መግባት ነው እንግዲህ። መንገዱ ላይ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው ሳንቃዎች ይጋደማሉ። ብዙው ተወዳዳሪ እዚያ ሲደርስ ወርዶ፣ ብስክሌቱን አንስቶ፣ ዘሎ፣ መልሶ ይወጣል፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሳይቆም ነው። ዳገቱ ሲብስም ብስክሌቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ይሮጣል። ተመልካቹ ከገመዱ ጀርባ ሆኖ የላም ቃጭል ያንቃጭላል። ሲሮጡ መታጠቅ፣ ሲሮጡ መፍታት፣ ደግሞ ሲሮጡ መታጠቅ ማለት ነው። ተረቱ እውነት ከሆነ ይህ ስፖርት ከነጭራሹ መኖር አልነበረበትም።

ግን መጀመሪያ ለተረቱ የሚመሰክረውን ልናገር። አንድ እሑድ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሌሊቱን ሲዘንብበት ባደረ መናፈሻ ውድድር ነበር። ቤተሰቡ ከቅዳሴ በቀጥታ ስለመጣ ረፍዷል። ልጁ ቁጥሩን መኪና ውስጥ በመርፌ ቁልፍ አያያዘ፤ የጫማውን ማሰሪያ ወደ መነሻው መስመር እየተራመደ ጎተት ጎተት አደረገው። ተወዳዳሪዎች ወደ መስመሩ የሚጠሩት ባስመዘገቡት ነጥብ ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ነጥብ የሌለው እሱ ኋላ ቆመ። በሁለተኛው ዙር፣ ሁሉም ወርዶ በሚሮጥባት አቀበት ላይ ግራ እግሩ በካልሲ ወጣ። ጫማው ጭቃው ውስጥ ቀርቷል። ተመልሶ በእጁ ቆፍሮ አወጣው፣ አጠለቀው። ነገር ግን ከፔዳሉ ጋር የሚጋጠመው የጫማው ብረት በጭቃ ተደፍኗል፤ ቢረግጠው ቢረግጠው አልገጥም አለ። አንድ በአንድ አለፉት። እናቱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የቅዳሴ ጫማዋን በፌስታል ጠቅልላ ከገመዱ ውጪ ቆማለች። «ሲሮጡ የታጠቁት!» አለች። ቀሪውን መጨረስ አላስፈለጋትም።

እዚህ ላይ ክርክሩን ብዘጋው ለእህቴ ደስ ይላት ነበር። ነገር ግን የዚያኑ ዕለት፣ ያው ልጅ እነዚያን ሳንቃዎች በየዙሩ ሲያልፋቸው አንዴም አልተደናቀፈም። ስለዚህ ሲሮጡ ከሚደረገው የሚፈታም የማይፈታም አለ ማለት ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ልምምዱን ሄዶ ማየት ይጠይቃል።

ልምምዱ እንቅልፍ ያስወስዳል። ሣር ላይ፣ በእርምጃ ፍጥነት፣ ያንኑ አንድ ነገር እየደጋገሙ ነው። ቀኝ እግሩን ከኮርቻው ጀርባ አዙሮ ያመጣና በግራ ፔዳል ላይ ብቻ ቆሞ ይንሸራተታል። አወራረዱ ሁልጊዜ በግራ ነው፤ ሰንሰለቱና ጥርሱ በቀኝ ስለሆነ እግር አይነካም። ግራ እጁ መሪው ላይ ይቀራል፣ ቀኙ የብስክሌቱን አግዳሚ ብረት ይይዛል፣ ግራ ጫማው ከፔዳሉ ይላቀቃል፣ ይሮጣል። ከባዱ መውጣቱ ነው። ጀማሪ ከመዝለሉ በፊት ፈራ ተባ ብሎ አንድ ትርፍ እርምጃ ይጨምራል። ያቺ እርምጃ ፍጥነቱን ትገድለዋለች። ያወቀበት ግን በሩጫው ምት ላይ እንዳለ ተነስቶ በቀኝ ጭኑ ውስጠኛ ሥጋ ኮርቻው ላይ ያርፍና ተንሸራቶ ይቀመጣል። የእህቴ ልጅ ያቺን ትርፍ እርምጃ ለማስወገድ አንድ ሙሉ በጋ ፈጅቶበታል። የውድድር ቀን በሩጫ ላይ የሚታየው ትጥቅ የታሰረው ያኔ ነው፤ ማንም ቃጭል በማያንቃጭልበት ሜዳ።

ጭቃ ላይ የመንዳቱ ጉዳይ ደግሞ የሚገርም ነው። ይህን ያስተማረው አሠልጣኝ የለም። አባቱ ናሽናል ኤርፖርት ላይ ታክሲ የሚነዳ፣ አዲስ አበባ ሳለ የሰፈር ብስክሌት በሰዓት እየተከራየ ያደገ ሰው ነው። ልጁ ትንሽ ሳለ ሥራ በሌለው ቀን ከጆርጅታውን ተነስተው የድሮውን የቦይ ዳር መንገድ ይዘው ይሄዱ ነበር። መንገዱ ጀልባ የሚጎትቱ በቅሎዎች የሚሄዱበት የነበረ ነው፤ እስከ ከምበርላንድ 297 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። እነሱ ያገኙት ጥግ ደርሰው፣ ዳቦአቸውን በልተው ይመለሳሉ። አፈር ስለሆነ ከዝናብ በኋላ ይጨቀያል። አባትየው ከኋላ ሆኖ፣ «ፍሬኑን አትያዝ! መሪውን አታንቀው! ከፊትህ ያለውን ተወው፣ ራቅ አድርገህ እይ!» ይለዋል። ሰዓት የያዘ አልነበረም። እነሱ የሚያስቡት ስለ ሽርሽር ነው፤ እግሩና ወገቡ ግን ይማሩ ነበር።

አሁንም ልጁ ያንን አልተወም። ውድድር በሌለበት ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር በፖቶማክ ዳር ይወጣሉ፤ አውሮፕላኖቹ ራስ ላይ ሊያርፉ እስኪመስሉ ዝቅ ብለው በሚያልፉበት ሜዳ ቁጭ ብለው ድንች ጥብስ ይበላሉ። «ጋሼ፣ ውድድር ላይ የማየው ከፊቴ ያለውን ጎማ ብቻ ነው» ይለኛል። አንዳንድ ቁም ነገረኛ ወላጆች ይህን ጊዜ ማባከን ነው ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ውድድሩ ያለውን ያወጣል እንጂ የሌለውን አይጨምርም።

ስፖርቱ ራሱ የተወለደው ለመታጠቂያነት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የፈረንሳይ ብስክሌተኞች ክረምቱን ቤት ከመዋል በሜዳ፣ በአጥርና በጭቃ ውስጥ እየተቀዳደሙ ሰውነታቸውን ያሞቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 የመጀመሪያውን የፈረንሳይ ሻምፒዮና ያዘጋጀው ዳንየል ጉሶ የተባለ ወታደር ነው ይባላል። ኦክታቭ ላፒዝ በ1910 ቱር ደ ፍራንስን ሲያሸንፍ ጉልበቱን ያገኘው ከዚህ የክረምት ጭቃ መሆኑን በመናገሩ ስፖርቱ ስም አወጣ። በ1950 ፓሪስ ላይ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና የወሰደው ዣን ሮቢክም በ1947 የቱሩ አሸናፊ የነበረ ሰው ነው። እንግዲህ ለአንዱ ሩጫ የሆነው ለሌላው መታጠቂያ ነው። ተረታችን ሩጫውና ትጥቁ ለየብቻ የቆሙ ነገሮች እንደሆኑ አድርጎ ይነግረናል፤ ኑሮ ግን እንዲህ አልተከፋፈለችም።

አንድ ቀን ተረቱን ለልጁ ከነትርጓሜው አስረዳሁት። አማርኛው እየተሰባበረም ቢሆን ነገር ይገባዋል። ጥቂት አሰበና፣ «ቆመው የታጠቁትስ አይፈታም?» አለኝ።

ይፈታል እንጂ። ማቲዩ ቫን ደር ፑልን እንውሰድ። አባቱ አድሪ በ1996 በዚሁ ስፖርት የዓለም ሻምፒዮን ነበር፤ የእናቱ አባት ደግሞ ፈረንሳይ ትወደው የነበረው ብስክሌተኛ ሬይሞን ፑሊዶር ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ገና በእቅፍ ሳለ ታጥቋል ማለት ይቻላል፤ በ2015 ታቦር በተባለች ከተማ በ20 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በዓመቱ ግን፣ ቤልጂየም ውስጥ ዞልደር ላይ፣ ዳገቱን በእግር ሲወጡ ተንሸራተተና ጫማው በተቀናቃኙ በቫውት ቫን አርት የፊት ጎማ ሽቦዎች መሐል ተሰነቀረ። ሁለቱ ተያይዘው ቆሙ፤ ሌሎቹ ጥለዋቸው ሄዱ። ከሁለቱ የተሻለ የተዘጋጀ ሰው ሜዳው ላይ አልነበረም። ሆኖም ተፈታ። ቫን አርት ከተላቀቀ በኋላ ተነሳ፣ አሳደደ፣ ደረሰ፣ አሸነፈም።

ተረቱ ይህን ግማሽ አይነግረንም። ሲሮጡ የተፈታን ሲሮጡ መልሶ መታጠቅ የሚባል ሙያ አለ። ዝግጅት የሚባለውም እንዳይፈታ ማድረግ ብቻ አይመስለኝም፤ ሲፈታ እጅ እንዳይንቀጠቀጥም ነው።

ከዚህ በላይ ተረቱን የምሞግትበት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በሳይክሎክሮስ ከመንገዱ ዳር ብስክሌት መቀየሪያ የተከለለ ቦታ አለ። የጨቀየውን ሰጥቶ ንጹሑን ይዞ መሄድ ይፈቀዳል፤ የተረከበው ሰው ሮጦ በውሃ ግፊት ያጥበውና ለሚቀጥለው መለስ ያደርሳል። ጭቃ በበዛበት ቀን ታዋቂዎቹ በየግማሽ ዙሩ ይቀይራሉ። ይህ የሚሆነው ግን ሁለተኛ ብስክሌትና የሚያጥብ ሰው ላለው ነው። የእህቴ ልጅ ያለው አንድ ብስክሌት ነው። ሣርና ጭቃ ተጠቅልሎበት ማርሹ ሲንገጫገጭ በጣቱ እየፈለቀቀ ይቀጥላል። ያኔ አጠገቤ የቆመ ሰው «አልተዘጋጀም» ቢል መልስ አለኝ፤ ብስክሌት የሚቀይረውን ያዘጋጁት ሦስት ሰዎች ናቸው።

የመቀነቱም ነገር እንዲሁ ነበር። ጫፉን ወጥሮ የሚይዝለት ያለው ሰውና ብቻውን የሚጠመጥም ሰው እኩል አይታጠቁም። ተረቱ ግን ሁለቱንም በአንድ ዓይን ይፈርድባቸዋል። እህቴና ባሏ እዚህ አገር ሲገቡ ቆመው የሚታጠቁበት ጊዜ ማን ሰጣቸው? ቋንቋውን የተማሩት ሥራ ላይ ነው፤ መንጃ ፈቃዱን ያወጡት በሁለት ፈረቃ መሐል ነው፤ ልጅ ማሳደግን የተማሩት ልጁ እያደገ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሁሉ፣ አልፎ አልፎ ቢላላም፣ እስካሁን አልተፈታም። በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ እንዲህ ያልታጠቀ ሐበሻ ባገኝ ይገርመኛል።

ይህን ለእህቴ ነገርኳት። ስታዳምጠኝ ቆየችና፣ «እሱ ሌላ፣ ጫማ ማሰር ሌላ» አለች። አባትየው ዘንድሮ የውድድር እሑድ ታክሲውን አቁሞ የመቀየሪያው ቦታ ላይ ከተዋሰው ብስክሌት ጋር እንዲቆም ተስማምቷል፤ ባልዲና ብሩሽ የመያዙ ነገር ለእኔ ደርሷል። እሷ ግን የልጁን ጫማ ቤት አሳስራ ነው ከበር የምታስወጣው። እሱም መኪና ውስጥ ፈትቶ ነጠላ ጫማውን ያደርግና ሜዳው ላይ ሲደርስ መልሶ ያስራል።