መታመን ወይስ መፈታተን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ የዐቢይ ጾም አራተኛው ሳምንት መጻጉዕ ይባላል። ሠላሳ ስምንት ዓመት በአልጋ የኖረው ሰው በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር በጌታችን ቃል የተነሣበት ታሪክ የሚነበብበት ነው (ዮሐ. 5፥1-9)። እኔ ይህ ሳምንት በመጣ ቁጥር ሐሳቤ ወደ እንጦጦ ይወጣል። ከየካውም ከጉለሌውም ከክፍለ ሀገሩም የመጣ ሕመምተኛ፣ ገና ሳይነጋ ነጠላውን ተከናንቦ፣ ቢጫ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ በባሕር ዛፉ መካከል ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል ሲሄድ ያየ ሰው፣ አምስቱን የቤተ ሳይዳ መመላለሻዎች ለማሰብ አይቸገርም።

ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት ይህች ደብር፣ በ1990ዎቹ ዓመታት ሌላ ዓይነት እንግዳ ተቀብላለች። ኤች አይ ቪ በደማቸው የተገኘባቸው፣ ቤተሰብ የሸሻቸው፣ አከራይ ዕቃቸውን ደጅ ያወጣባቸው ወገኖች በብዛት ወጡ። በዚያን ጊዜ ለአብዛኛው ድሃ መድኃኒት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ቢኖርም ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። ሌላው በር ሁሉ ተዘግቶ የጠበሉ በር ክፍት ነበር። ስለዚህ «ለምን እዚያ ሄዱ?» የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ ይህን ያስብ።

በ1997 ዓ.ም. ግን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ጀመረ። ያኔ ነው ከባዱ ጥያቄ የመጣው። ጠበል እየተጠመቀ ክኒን የሚውጥ ሰው እግዚአብሔርን ተጠራጥሯል ማለት ነው?

የ1998 ዓ.ም. ጾም ነበር። ከሽሮ ሜዳ በላይ ከሌሎች ሕሙማን ጋር በደባልነት የምትኖር አንዲት እህት አገኘሁ። «ወንድሜ፣ አንተ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነህ፣ መጽሐፉን ታውቃለህ» አለችኝ። «ክኒኑን ከዋጥሽ ጠበሉ አይሠራልሽም፣ ለሁለት ጌታ መገዛት ነው ይሉኛል። ልተወው እንዴ?» እኔም ትንሽ አሰብኩና «እንደ እምነትሽ ይሁንልሽ» አልኳት። ጌታችን ለሁለቱ ዕውራን የተናገረው ቃል ነው (ማቴ. 9፥29)። እርሱ ሲናገረው ዓይን አበራበት። እኔ የተናገርኩት ግን ከጥያቄዋ ለማምለጥ ነበር። በዓመቱ ስመለስ አላገኘኋትም። ክኒኑን ከተወች በኋላ ክረምቱን አላለፈችም አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር በመጽሐፍ ሳገላብጥ ኖሬአለሁ።

ጌታችን በገዳመ ቆሮንቶስ ሲጾም ዲያብሎስ ወደ ቤተ መቅደስ ጫፍ አውጥቶ «ራስህን ወርውር» ሲለው ያመጣው ማስረጃ ምን ነበር? ከመዝሙር 90 የመላእክትን ጥበቃ ነው። ጥቅሱ እውነት ነው፤ መላእክት ይጠብቃሉ። ጌታ ግን አምላክህን አትፈታተን የሚለውን ሕግ መለሰለት (ማቴ. 4፥5-7፤ ዘዳ. 6፥16)። ልብ በሉ፣ ከጫፉ የሚወርድበት ደረጃ እያለ መወርወር እምነት አልሆነም። አብርሃም ከአገሩ የወጣው ውጣ ስለተባለ ነው። ንዕማን በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ የተጠመቀው ነቢዩ ስላዘዘው ነው (2ነገ. 5)። መታመን እግዚአብሔር ለተናገረው ቃል የሚሰጥ መልስ ነው። ክኒንሽን ጣዪ ያላት ግን የትኛው ነቢይ ነው? ጎረቤት ነው። እርሱ ያልተናገረውን እኛ ተናግረን፣ «አሁን ፈጽምልኝ» ስንለው መታዘዙን ከእርሱ እየጠበቅን ነው።

«ንጉሥ አሳ እግሩን ሲታመም ባለመድኃኒቶችን ፈለገ ተብሎ ተነቅፏል» የሚሉ አሉ (2ዜና 16፥12)። እውነት ነው፣ ተጽፏል። ግን የተነቀፈው እግዚአብሔርን ትቶ እነርሱን ብቻ ስለፈለገ ነው፤ ቀደም ብሎም በሶርያ ንጉሥ በመታመኑ ተወቅሶ ነበር። በሽታው ከመጣ በፊት ልቡ ሸሽቷል።

ሕዝቅያስን ደግሞ እዩት። ሊሞት ነበር፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ፤ ዐሥራ አምስት ዓመት ተጨመረለት። ተስፋው ከእግዚአብሔር አፍ የወጣ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ዋስትና የለም። ሆኖም ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ (ኢሳ. 38)። ለምን? አምላክ በለስ ያስፈልገዋል? አያስፈልገውም። ንጉሡም ግን «ቃል ከገባልኝ በለሱ ምን ያደርጋል» ብሎ አልገፋውም። በለሱን መቀበሉ ራሱ መታዘዝ ነበር። ሲራክም በምዕራፍ 38 ባለመድኃኒቱን እግዚአብሔር እንደፈጠረው፣ መድኃኒቱንም ከምድር እንዳወጣ፣ ብልህ ሰው እንደማይንቀው ይናገራል። በዚያው ምዕራፍ ደግሞ መጀመሪያ ጸልይ፣ ከኃጢአትህ ንጻ ይላል። ሁለቱን ያጣላው እኛ ነን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከርእሱ ትንሽ ቢወጣም። በጠበል ቦታ በሰው ላይ ያደረ መንፈስ ሲጮኽ ሰምተን፣ «መድኃኒት አይጠቅምም አለ» ብለን ለጎረቤት የምናወራ ብዙ ነን። ጌታችን አጋንንት እውነት ሲናገሩ እንኳ ዝም አሰኛቸው (ሉቃ. 4፥41)። ከሚጮኽ መንፈስ የሐኪም ምክር አይወሰድም።

«ድኜአለሁ» የሚልም አለ። እግዚአብሔር የወደደውን ያደርጋል፣ እጁን የሚይዘው የለም። ነገር ግን ዐሥሩን ለምጻሞች ለካህን ራሳችሁን አሳዩ ብሎ ልኳቸዋል (ሉቃ. 17፥14)። የዳነ ሰው መመርመርን አይፈራም። መድኃኒቱ ቫይረሱን በሰውነት ውስጥ አዳክሞ ይይዘዋል እንጂ ነቅሎ አያወጣውም፤ ሲያቋርጡት ተመልሶ ይበዛል፣ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል። ስለዚህ ስሜቱ ስለተሻለው ብቻ ማቆም ሳይመረመሩ ድኜአለሁ ማለት ነው።

ቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው እንዲወሰዱ በይፋ ተናገሩ። በእንጦጦ ብዙዎች ወደ ክኒናቸው የተመለሱት ይህን ሰምተው ነው። ቃሉ ከዓመት በፊት በእኔ አፍ በነበረ እያልኩ እቆጫለሁ።

ጥያቄው በዚያ አላበቃም። በ2012 ዓ.ም. በዚሁ በዐቢይ ጾም ኮሮና ሲገባና የካ ኮተቤ ሆስፒታል የሕሙማኑ ማከሚያ ሲሆን፣ «እምነት ያለው ጭምብል አያደርግም» ሲባል በሠፈራችን ሰምቻለሁ። ቃሉ ያው የቤተ መቅደሱ ጫፍ ቃል ነበር።

አሁንም ጾም ሲገባ «ክኒኑ ምግብ ይፈልጋል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዴት ልቆይ?» የሚሉ አሉ። ፍትሐ ነገሥት ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ያሳርፋል። ለንስሐ አባታችሁ በሽታችሁን ሳትደብቁ ንገሩ፤ እርሳቸው ይወስኑላችኋል። አፍሮ ዝም ብሎ ክኒን መዝለል ግን ጾም አይደለም።

ያቺ እህት ዛሬ በዚያ መንገድ ላይ ብታገኘኝ እንዲህ እላት ነበር። «እህቴ፣ በጠዋት ተነሺና ተጠመቂ፤ አባ በመስቀላቸው ይዳብሱሽ። ከዚያ ክኒንሽን አውጪ፣ አማትቢበት፣ በዚያው በጠበሉ ዋጪው። የሆስፒታል ቀጠሮሽ መቼ ነው? ብቻሽን አትሂጂ፣ አብሬሽ እወርዳለሁ።»

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።