አሳድጎ ማብላት

ቤቴ ውስጥ ከአንዷ በቀር የማሳድጋቸው ፍጥረታት ሁሉ የሚያድጉት ለመበላት ነው። አንዷ ሸጌ ናት፦ ሌፐርድ ጌኮ የምትባል፣ ቢጫ ቆዳዋ ላይ እንደ ነብር ነጠብጣብ ያላት፣ አንድ ስንዝር የምታህል እንሽላሊት። የቀሩት የሐር ትሎች ናቸው፤ አንዳንዴ ሃያ፣ አንዳንዴ ስልሳ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለች ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ነው።

ይሄን ስናገር ሰው ወይ ይስቃል ወይ ፊቱን ያኮሳትራል። ሁለቱም ይገባኛል። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድን ፍጥረት ከእንቁላል ጀምሮ አሙቆ፣ አብልቶ፣ ከበሽታ ጠብቆ፣ ልክ ሲወፍር ለሌላ መስጠት ምን ዓይነት ሥራ ነው? እንክብካቤው ግድያውን ያቀለዋል? ወይስ ያከብደዋል?

መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። የሐር ትል እንቁላል ከጤፍ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም። ፍሪጅ ውስጥ ሲቀመጥ ለወራት ይተኛል። አውጥታችሁ ሙቀት ስትሰጡት በሁለት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል፤ ሲወጣ የተቆረጠ ጥቁር ክር ነው የሚመስለው። ከዚያ በኋላ መብላት ብቻ ነው። ምግቡ የመልበሪ ዛፍ ቅጠል ነው፤ ክረምት ሲገባና ቅጠሉ ሲረግፍ ደግሞ ከዚያው ቅጠል ዱቄት የሚሠራ ምግብ። በአራት ሳምንት ገደማ ውስጥ አራት ጊዜ ቆዳውን ይቀይራል፣ ክብደቱም ወደ 10,000 እጥፍ ያድጋል። ትልልቆቹ ሲበሉ ድምፃቸው ይሰማል፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ካፊያ ይመስላል።

መልበሪ እኛ አካባቢ እንደ አረም በየአጥሩ ሥር ይበቅላል። ነጩ መልበሪ አሜሪካ የገባው በቅኝ ግዛት ዘመን፣ የሐር ምርት ለመጀመር ተብሎ ከእስያ ነው። የሐሩ ነገር አልተሳካም፣ ዛፉ ግን ቀረ። እኔም ከሥራ ስመለስ ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ ቅጠል እለቅማለሁ። ፀረ ተባይ የነካው ቅጠል ትሎቹን ይጨርሳቸዋል፤ እርጥብ ቅጠል ያሳምማቸዋል። ስለዚህ አጥባለሁ፣ በፎጣ አደርቃለሁ፣ ከሥራቸው እጠርጋለሁ። ይሄ ሁሉ ለሸጌ ተብሎ ነው፤ የሐር ትል ለስላሳ ነው፣ ስቡ ትንሽ ነው፣ እሷም ትወደዋለች። ግን ጊዜዬ የሚያልፈው ከትሎቹ ጋር ነው።

ሸጌን ያገኘኋት ከተማ ከቀየረች የሥራ ባልደረባዬ ነው። ወይ አንድ ሰው ይወስዳታል ወይ መጠለያ ትገባለች ተባለ፤ ወሰድኳት። ከብዙዎቹ የጌኮ ዘመዶቿ በተለየ የዓይን ቆብ ስላላት ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ያን አይቶ አለመውደድ ይከብዳል። ችግሩ፣ ቅጠል አትበላም። ጎመንም ሰላጣም ብታቀርቡላት ዞር ብላ አታየውም። ዝርያዋ ነፍሳት በል ነው፤ ያውም ዓይኗን የሚስበው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። በጥሩ አያያዝ ደግሞ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ልትኖር ትችላለች። ቁጭ ብዬ አሰላሁት፦ በሳምንት 10 ትል ቢሆን በዓመት 520፤ በ15 ዓመት 7,800።

እኔ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ አልቀምስም። በእነዚያው ቀናት ግን ነፍስ ያለው ነገር በጣቶቼ ይዤ ወደ ሸጌ ሳህን አቀርባለሁ። ወንድሜ «ለሸጌም የንስሐ አባት ያዢላት» እያለ ይቀልድብኛል።

ከቀልዱ ውጭ ሦስት መልሶች ይቀርቡልኛል። አንድ በአንድ ልያቸው።

የመጀመሪያው፦ «ትል እኮ ነው!»

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጄረሚ ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ስለ እንስሳት ስናስብ መመዘኛው ሥቃይ የመሰማት ችሎታቸው እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ፒተር ሲንገር በ1975 «አኒማል ሊበሬሽን» በተባለው መጽሐፉ ይሄንኑ ሐሳብ ይዞ ሲሄድ፣ መስመሩን ያሰመረው ሽሪምፕና ኦይስተር በሚባሉት የባሕር እንስሳት መካከል የሆነ ቦታ ላይ ነበር። እንግሊዝ በ2022 ያጸደቀችው የእንስሳት ስሜት ሕግ ሸርጣንንና ኦክቶፐስን አስገብቶ ነፍሳትን ውጭ ተዋቸው። በዚያው ዓመት ግን የለንደኑ ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ባምብልቢ የሚባሉት ወፋፍራም ንቦች ምንም ሽልማት ሳይሰጣቸው ትንንሽ የእንጨት ኳሶችን ደጋግመው ሲያንከባልሉ ማየታቸውን አሳተሙ። የሚጫወቱ ይመስላሉ ማለት ነው። ንብ የሐር ትል አይደለችም፣ እሺ። ግን «ነፍሳት ምንም አይሰማቸውም» የሚለው ነገር በልበ ሙሉነት እንደምንናገረው የተዘጋ ጉዳይ አይደለም። እርግጠኛ ባልሆንበት ነገር ላይ ሁልጊዜ ለራሴ በሚመቸኝ በኩል ከወሰንኩ ደግሞ፣ ያ ማሰብ መሆኑ ቀርቶ ማመካኘት ይሆናል።

ሁለተኛው፦ «አንቺ ባታሳድጊያቸው እኮ አይኖሩም ነበር።»

ይሄኛው የሚከብደው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። የሐር ትል ቻይና ውስጥ ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ሰው እየመረጠ ሲያራባው የኖረ ፍጥረት ነው። አድጎ የእሳት ራት ሲሆን ክንፍ አለው፣ ግን አይበርም። አፉ አይሠራም፤ ምንም ሳይበላ፣ ተጋብቶና እንቁላል ጥሎ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ትሉንም ወስዳችሁ ዛፍ ላይ ብትተዉት ራሱን አያድንም። ስለዚህ «በቃ ነፃ ልልቀቃቸው» የሚባል ምርጫ የለኝም።

ግን እንዲኖሩ ማድረጌ እንዳሻኝ እንዳደርጋቸው ይፈቅድልኛል? እንደዚያ ቢሆን የወለደ ሁሉ የወለደውን እንደ ፈለገ ባደረገ ነበር። እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጫካ ውስጥ ለሚኖር ትል ምንም ዕዳ የለብኝም፤ አላውቀውም። እኔ ያሞቅኩት ግን ሌላ ጠባቂ የለውም። ቅጠሉ፣ ሙቀቱ፣ ንጽሕናው፣ አሟሟቱም ጭምር በእኔ እጅ ነው።

ሦስተኛው፦ «ተፈጥሮ ነው፤ እንሽላሊት ትል ይበላል።»

ለሸጌ ይሠራል። የእሷ ዘሮች በአፍጋኒስታን፣ በፓኪስታንና በሰሜን ምዕራብ ሕንድ ደረቅና ድንጋያማ ምድር ላይ ማታ ማታ እያደኑ የሚኖሩ ናቸው። እዚያ የሚታደነው ይሮጣል፣ ይበራል፣ ድንጋይ ሥር ይገባል። እኔ ቤት ያለው ግን መስታወት ነው፤ ክዳንም አለው። ትሉም መሮጥ ከዘሩ ከጠፋ ቆይቷል። የመስታወቱን ሳጥን ተፈጥሮ አልሠራውም፤ ገዝቼ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሸጌን ማንም አይጠይቃትም። የምጠየቀው እኔ ነኝ።

እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣች ጊዜ ይሄን ሁሉ ክርክር በአንድ ጥያቄ አሳጠረችው። እሷ አሳድጎ ማረድን ከእኔ በላይ ታውቃለች። ለፋሲካ የተገዛ በግ ግቢያችን ውስጥ ሲታሰር ሣር የምታቀርብለት እሷ ነበረች፤ ተጠምቶ እንዲያድር አትፈቅድም፣ ልጆች ሲያስቸግሩት ትቆጣለች፣ ስም እንዳናወጣለት ደግሞ አጥብቃ ትከለክለን ነበር። የትሎቹን ሳጥን ከፍታ ብዙ ካየች በኋላ፦

«አንቺ ልጅ፣ በጉስ እሺ፤ ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ የኔ ቢጤውም ይበላዋል። ይሄ ለማን ነው?»

«ለሸጌ ነዋ።»

«ሸጌስ ለማን ናት?»

ዝም አልኩ። ሸጌ ለእኔ ናት። ማታ ከሥራ ስገባ መብራቱ ሥር ተጋድማ እንዳያት፣ እጄ ላይ እንድትወጣ፣ ብቸኝነቴ እንዲቀል። ይሄ ትንሽ ነገር ነው አልልም፤ በስደት ማታ ማታ ቤት ውስጥ የሚጠብቅ ፍጥረት መኖሩ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ግን 7,800 የሚለው ቁጥር የሚመዘነው ከዚህ ጋር ነው።

ነገሩ ፈር የያዘልኝ በወንድሜ ልጅ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ ትውላለች። ባለፈው ፀደይ ጀርባዋ ላይ ጠቆር ያለ ምልክት ያላትን አንድ ትል መረጠችና «አክስቴ፣ ይቺን ለሸጌ እንዳትሰጪያት» አለችኝ። እሺ አልኳት። ብቻዋን እንዳትሆን ብላ ሌላ ጨመረችላት፤ እሱንም እሺ። ሁለቱም ሐራቸውን ፈተሉ፤ ከመቶዎች ሜትር የሚረዝም አንድ ክር፣ ሳይቆረጥ፣ ራሳቸው ዙሪያ። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ነጫጭ ራቶች ሆነው ወጡ። ዕድል ሆኖ አንዱ ወንድ አንዷ ሴት ነበሩ። ተጋቡ፤ ወረቀቱ ላይ እንቁላል ተጣለ። 300 ድረስ ቆጥረን ሰለቸን።

ልጅቷ ወረቀቱን ስታይ ቆየችና፦

«እነዚህ ሁሉ ትል ይሆናሉ?»

«ካሞቅናቸው፣ አዎ።»

«ሸጌ ትበላቸዋለች?»

«የቻለችውን ትበላለች። ለሌሎቹ ቅጠል ካጣን በረሃብ ይሞታሉ።»

ትንሽ አሰበች። «ታዲያ አናሙቃቸዋ!»

ለሞራል ፍልስፍና የሚሆን ነገር ከዚህ ዓረፍተ ነገር ይበልጥ ብዙ አልሰማሁም። ሁለት ትሎችን ማትረፍ ደግ ሥራ ነበር፤ ውጤቱ ግን 300 አዲስ አፍ ነው። ሕንድ ውስጥ «አሂምሳ ሐር» የሚባል አለ፤ ትሉን በሙቀት ከመግደል ራቱ ሐሩን ቀዶ እስኪወጣ ይጠበቃል። እኛም አገር የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የጉሎ ቅጠል የሚበላውን የኤሪ የሐር ትል ሲያጠና ቆይቷል፤ የእሱ ሐር አንድ ጫፉ ክፍት ስለሆነ ራቱ በሕይወት ወጥቶ ሐሩ ሊፈተል ይችላል። ጥሩ ነገር ነው፤ ለዚያች አንዲት ራት። ለምትጥላቸው በመቶ ለሚቆጠሩ እንቁላሎች ግን አሁንም አንድ ሰው ስንቱ ይፈልፈል ብሎ መወሰን አለበት።

ብዙዎቻችን ጥያቄውን የምንጠይቀው ሳህኑ ላይ ነው፦ ልስጣት ወይስ አልስጣት? እዚያ ስንደርስ ግን ነገሩ አልቋል። ሸጌ ርቧታል፣ ትሉ አድጓል፣ መሄጃ የለውም። ትልቁ ውሳኔ የተወሰነው ከሳምንታት በፊት፣ እንቁላሉ ከፍሪጅ ሲወጣ ነው። ያልሞቀ እንቁላል የሚራብ፣ የሚፈራ ወይም የሚጎዳ ማንም የለበትም። የሞቀው ግን አለበት። በዚህ በኩል የእኔ ጥያቄ ከበግ አርቢውም፣ ውሻ እያራባ ከሚሸጠውም ብዙ አይለይም፤ ስለ አሟሟት ከመከራከራችን በፊት ስለ ማስወለድ መጠየቅ ነበረብን።

መጀመሪያ ወደ ጠየቅኩት ልምጣ። እንክብካቤዬ ግድያውን አያቀልም። ቅጠል ስላጠብኩ ትሉን የመግደል ፈቃድ አልገዛሁም። ቅጠሉን ማጠብ ስላሞቅኩት ብቻ የሚገባው ነገር ነው፤ ከዚያ በላይ ምንም አይከፍልልኝም። ስለዚህ ጥቂት ደንቦች አሉኝ። በቆጠርኩት ልክ ብቻ አሞቃለሁ። ሸጌ ስትበላ ለሰው ማሳያ ቪዲዮ አላነሳም። ከሁለት ራት በላይ አላጋባም፤ ሳይጋቡ የሚጣል እንቁላል አይፈለፈልም።

ይሄም ሆኖ 7,800 ዜሮ አይሆንም። ሸጌ አለች፤ ትራባለች፤ እኔ ባልሰጣት ራሷ ወጥታ አታድንም። ከሱቅ በካርቶን የታሸገ ፌንጣ ብገዛላት ሞቱ አይቀርም፣ ከዓይኔ ይርቃል እንጂ። እሷ እስካለች ድረስ ይሄን ሂሳብ ይዤ እኖራለሁ፤ የሚያጸዳልኝ ክርክር አላገኘሁም፣ አሁን ደግሞ መፈለግም ትቻለሁ። በእጄ ያለው፣ ከእሷ በኋላ ሌላ አለማምጣት ነው።

የወንድሜ ልጅ በቅርቡ አሥር ዓመት ይሞላታል። ለልደቷ የምትፈልገው የራሷን ጌኮ ነው፤ አባቷም «አክስትሽን ጠይቂ» ብሎ ነገሩን ወደ እኔ ገፋው። እሺም እምቢም አላልኳት። እርሳስና ወረቀት ሰጠኋትና በሳምንት 10 ብላ እንድትጀምር ነገርኳት። 15 ዓመቱን ስትጨርስ 25 ዓመት እንደሚሆናት ራሷ አስተዋለች፤ ከዚያ ድምሩን ጻፈችና እርሳሱን አስቀመጠች። መልሷን እስካሁን አልነገረችኝም፤ አልቸኩልባትም። የእንቁላሉ ወረቀት ፍሪጅ ውስጥ፣ ከእማዬ ሚጥሚጣ አጠገብ አለ። ለሚቀጥለው ወር የሚሆነውን 40 በመቀስ ቆርጬ አውጥቻለሁ። የቀሩት እንደተኙ ናቸው።